አንገቴ ተቆልፏል፤ ወጌሻው ዛሬ ይመጣል፤ ላስጠምዝዘው?

ልብስ ሰፊው (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ስነሣ አንገቴ ወደ ግራ አልዞር አለኝ። ራስ ምታቱ የቆየ ነው፤ ከማጅራቴ ተነሥቶ በቀኝ በኩል እስከ ዓይኔ ይመጣል። ካይሮፕራክተር የሚባሉት ባለሙያዎች አንገት ጠምዝዘው ቀጭ ሲያደርጉና ታማሚው እፎይ ሲል በስልኬ አይቻለሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም፤ ጎረቤቴ ግን ወጌሻ ጠርቶልኛል፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይደርሳል። ያው አንድ አይደለም? ለአረፋ የተቀበልኩት ሥራ ተቆልሎብኛል።

የወልዲያው፦
አብሽር ወንድሜ። እስኪሻልህ ድረስ ዕዳ የሚጠይቁህን ሁሉ በግራህ አስቀምጣቸው።

እናት ዓለም (ሐይቅ)፦
ይህ ምች ነው። ዳማ ከሴ በእጅህ አሽተህ ጭማቂውን ግንባርህንና ማጅራትህን ቀባ፤ ተሸፋፍነህም ተኛ። ጠምዛዥ የሚያስጠራ ነገር አላየሁም።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ (ኮምቦልቻ)፦
ከሁሉ በፊት ይህን መልስልኝ። ትኩሳት አለህ? አገጭህ ደረትህን ይነካል? በቅርቡ ወድቀህ ነበር? እጅህ ወይም እግርህ ደንዝዟል፣ አንደበትህ ተሳስሯል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይሃል? ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ በድንገት የመጣ ነው? ትኩሳት ኖሮህ አገጭህ ወደ ደረትህ አልወርድ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ። ከሌሎቹም አንዱ ካለ እንዲሁ። እስክትመልስልኝ ድረስ አንገትህን ማንም አይንካው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ካይሮፕራክቲክን በ1895 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው፤ ቦታው በአሜሪካ አይዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ። ሰውየው ከዚያ በፊት በማግኔት እፈውሳለሁ ይል ነበር። የመጀመሪያ ታካሚው ሃርቪ ሊላርድ የተባለ የጽዳት ሠራተኛ ሲሆን፣ አከርካሪው ሲገፋ ደንቁሮ የነበረው ጆሮው ሰማ ተባለ። የመስማት ነርቭ ግን ከጆሮ በቀጥታ ወደ አንጎል ይገባል እንጂ በአከርካሪ አያልፍም! እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን

የወልዲያው፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወጌሻው መንገድ ላይ ነው። ወደ ዘንድሮው ይምጡልን።

የባቲው፦
ወጌሻ ምን አደረጋችሁ? አባቴ ከግመል ወድቆ የወለቀ ትከሻውን የመለሰለት ወጌሻ ነው። ፈረንጅ ሲጠመዝዝ ሕክምና፣ የእኛ ሰው ሲጠመዝዝ ጥፋት?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ፈረንጁም ቢሆን ዝም ብሎ መጠምዘዝ የለበትም። የሠለጠነ ካይሮፕራክተር አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ለማን እንደማይሆንም ይለያል። ትከሻና አንገት አንድ አይደሉም። አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት፤ በግራና በቀኛቸው ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ያልፋል። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የዚያ የደም ሥር የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጠቅ፣ ደም ሊረጋበትና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ሲደርስ ግን ወጣትም አይምርም። ቀጭ የሚለው ድምፅም አጥንት ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ የሚመጣ ነው።

በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ከአንገት የሚነሣ ራስ ምታት ባለባቸው 200 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በእጅ መታከምም ሆነ የአንገት እንቅስቃሴ መሥራት ምታቱን ቀንሶታል፤ ለውጡም ዓመት ቆይቷል። እንቅስቃሴው በነፃ ከተገኘ ለምን አደጋውን እንገዛለን?

እናት ዓለም፦
ዳማ ከሴውን ሞክሯል?

ፋርማሲስቷ፦
ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ምን መድኃኒት ትውጣለህ? በሳምንት ስንት ቀን?

ልብስ ሰፊው፦
ትኩሳት የለኝም፣ አገጬም ደረቴን ይነካል፤ ከተጠየቅሁት ሌላው ምልክትም የለብኝም። መድኃኒት ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ እያፈራረቅሁ ነው፤ ከረመዳን በፊት ጀምሮ ሳልውጥ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ግን የጠየቅሁት ስለ አንገቴ ነው፤ ይህ ምን አገናኘው?

ፋርማሲስቷ፦
በደንብ ያገናኘዋል። እንዲህ ያለ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ ሲወሰድ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ያምሃል፣ ትውጣለህ፣ ስለዋጥክ መልሶ ያምሃል። ዲክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ግፊትህን ተለካ፤ ከሐኪም ጋር ተማክረህም ማስታገሻውን አቁም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምታቱ ሊብስብህ ስለሚችል አትደንግጥ።

ሰፊዋ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ እኔም ሰፊ ነኝ። አጥንትህ የትም አልሄደም፤ የሚያምህ ማሽንህ ነው። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ በማታ አምፖል ስትሰፋ አፍንጫህ መርፌው ሊነካ ምን ያህል ቀረው? መብራቱ ከኋላህ ከሆነ ደግሞ የራስህ ጥላ ሥራው ላይ ያርፋል፤ እሱን ለማለፍ ይበልጥ ትጎነበሳለህ። እኔ በማሽኑ ጠረጴዛ እግሮች ሥር ጣውላ አስገባሁ፤ ወንበሬንም በዚያው ልክ ከፍ አደረግሁ፤ መብራቱን በግራ በኩል አዞርኩት። ዓይንህንም ታይ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት እጅህን ከዘረጋህ መነጽር ሳያስፈልግህ አይቀርም።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ልክ ብላለች። ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ጎንበስ ባልክ ቁጥር የማጅራት ጡንቻ የሚሸከመው ይጨምራል። ለዛሬ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ 15 ደቂቃ ማጅራትህ ላይ አድርግ፤ ከዚያ አንገትህን በራስህ አቅም፣ ሕመሙ እስከሚፈቅድልህ ድረስ ብቻ፣ በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር። ሲለቅህ ደግሞ ጀርባህን ግድግዳ አስደግፈህ አገጭህን ወደ ኋላ ሳብ፤ 5 ሰከንድ ያዝ፣ 10 ጊዜ ድገም። እንዲህ ያለው መቆለፍ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል።

የሸዋበሩ፦
ሙቅ ፎጣ አድርግበት።

የወልዲያው፦
አሁን ተባለ እኮ።

ልብስ ሰፊው፦
ወጌሻው ደርሷል፤ ቅቤም ይዞ መጥቷል። እሱ ደግሞ ሳይጠመዝዙ አንገት አይድንም እያለ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
በቅቤ ትከሻህንና የላይኛውን ጀርባህን ቀስ አድርጎ ይሽልህ፤ ለመጣበትም ክፈለው። ጭንቅላትህን በሁለት እጁ ሊይዝ ከሆነ ግን ተነሥ።

የባቲው፦
ምን ሆነ? ጠመዘዘው?

የወልዲያው፦
ለአረፋ ሱሪ የሰጣችሁት ሰዎች ሄዳችሁ እዩልን።

ተማሪዋ (ቲታ)፦
እኔ ሰፊ አይደለሁም፣ ግን ላፕቶፕ ላይ ስውል እንዲሁ ያመኛል። ጣውላው ለእኔም ይሠራል?

ሰፊዋ (ኮምቦልቻ)፦
ወፍራም መጻሕፍት ደራርቢና ላዩ ላይ አስቀምጪው እቴ፤ የምትጽፊበትን ኪቦርድ ግን ለብቻው ግዢ፤ አለዚያ አንገትሽ አርፎ ትከሻሽ ይታመማል።