«ቦይለሩን ነቅሎ መትከል ብቻ ነው» ስለተባለው

ባለመፍቻው፦ ትናንት «ኪሎዋት» የሚባለው ጓዳችን ከጋዝ ማሞቂያ መውጣት ለፈለገ ሰው የሰጠው ምክር ይኸው፦ «ቦይለሩን ነቅሎ ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ውኃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሽን) መትከል ብቻ ነው፤ ቧንቧውም በየክፍሉ ያለው ማሞቂያ ራዲያተሩም ባለበት ይቀጥላል።» አቦ ተው! ይህን ሰምቶ ያስተከለ ሰው ብርዱ ሲመጣ የሚረግመው ማሽኑን ነው እንጂ መካሪውን አይደለም። እስቲ ንገረን፣ ራዲያተሩ ላይ 2 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈው በስንት ዲግሪ ውኃ ተለክቶ ነው?

ኪሎዋት፦ ፈተና መሆኑ ነው? ውኃው 75 ገብቶ 65 ሲመለስ፣ ክፍሉ 20 ሆኖ። በአማካይ የ50 ዲግሪ ልዩነት። ግን አሮጌ ቤት ውስጥ ራዲያተር ሲገጠም ድሮውንም ተትረፍርፎ ነው የሚገጠመው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ድርብ መስታወት ሆኗል፣ ጣሪያው ሽፋን ገብቶለታል። ራዲያተሩ ያው ነው፣ የቤቱ ፍላጎት ግን ቀንሷል።

ባለመፍቻው፦ መትረፍረፉን በቁጥር እንየዋ። 45 ገብቶ 40 ሲመለስ ከክፍሉ ጋር ያለው ልዩነት 22.5 ብቻ ነው። የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ ከልዩነቱ በባሰ ፍጥነት ነው የሚወርደው፤ 2 ኪሎዋቱ 700 ዋት ገደማ ይሆናል። የጎደለውን 1,300 ዋት በምን ልትሞላው ነው፣ በምክር?

ኪሎዋት፦ 55 አድርጋ። ከ1,100 ዋት በላይ ታገኛለህ፤ የዛሬ ማሽን 55 ለመስጠት አይቸገርም።

ባለመፍቻው፦ መስጠቱንማ ይሰጣል። የውኃው ሙቀት አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጆታው ቢያንስ 2 በመቶ እንደሚጨምር ግን ለሰውየው አልነገርከውም። «ነቅሎ መትከል ብቻ» ብለህ አለፍከው።

ሰሚራ፦ ሁለታችሁም ሳትጨቃጨቁ የሚለይበት መንገድ አለ። ቦይለሩ ሳይነቀል በጣም በሚበርድበት ሳምንት የሚወጣውን ውኃ 50 ላይ አድርጉት። ሁሉንም የራዲያተር ቫልቮች ክፈቱ፤ ማታ ማታ አታጥፉት። ሁሉም ክፍል 20 ላይ ከቆየ ራዲያተሩ ይበቃል። አንዱ ክፍል 17 ላይ ከቀረ የሚቀየረው የዚያ ክፍል ራዲያተር ነው፣ የቤቱ ሁሉ አይደለም። ሙከራው በጋዙም በኩል ትርፍ አለው፤ ተመላሹ ውኃ ከ55 በታች ሲሆን ኮንደንሲንግ ቦይለር በጭሱ ውስጥ ካለው እንፋሎት ተጨማሪ ሙቀት ማውጣት ይጀምራል።

ኪሎዋት፦ ይኸው! እኔስ ከዚህ የተለየ ምን አልኩ?

ባለመፍቻው፦ «ቧንቧውም ባለበት ይቀጥላል» አልክ። ቦይለር በሚወጣውና በሚመለሰው ውኃ መካከል በ20 ዲግሪ ልዩነት 10 ኪሎዋት ለማድረስ በሰዓት 430 ሊትር ውኃ ይበቃዋል። ሂት ፓምፕ በ5 ዲግሪ ልዩነት ሲሠራ ለዚያው 10 ኪሎዋት 1,720 ሊትር ይፈልጋል። ይህን በ10 ሚሊሜትር ቧንቧ ለማሳለፍ ሞክርና እየው። ፓምፑ እስከ ጥግ ይሄዳል፣ ቧንቧው ያፏጫል፣ ማሽኑ «የውኃ ፍሰት አነስተኛ» ብሎ ይቆማል። ከዚያ ባለቤቱ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይደውላል።

ጥርጥር፦ እናንተ ስለ ቧንቧ ትከራከራላችሁ፣ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። ጭሱን ከቤት አንስቶ ወደ ኃይል ማመንጫው ማዛወር ነው። ንጹሕ ማለት ይኼ ነው?

ሰሚራ፦ የትኛው ማመንጫ? ድንጋይ ከሰል ብቻ ከሆነ ልክ ነህ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሂት ፓምፑ ከበላው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ሙቀት ቢመልስ እንኳ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት 330 ግራም ነው። የጋዝ ቦይለር 220 አካባቢ ነው። በጋዝ ማመንጫ ሲሆን ግን ወደ 130 ይወርዳል፣ በውኃና በነፋስ ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ዛሬ የገባ ቦይለር 15 ዓመት ሙሉ ጋዝ ማቃጠሉን አይተውም፤ ማመንጫው ግን በዚያ ዕድሜው መሐል ሊቀየር ይችላል።

ጥርጥር፦ «ሊቀየር ይችላል»። ጥሩ ተስፋ ነው። ለመሆኑ ከዜሮ በታች 15 ሲሆን ይሠራል?

ባለመፍቻው፦ ይሠራል፣ ሁለት እጥፍ ገደማ እየመለሰ። ኖርዌይና ፊንላንድ ውስጥ ስንት ቤት ነው በዚህ የሚሞቀው! ይልቅ የሚያስቸግረው ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ያለው እርጥብ አየር ነው። የውጭው ክፍል በረዶ ይይዛል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ቫልቭ የሙቀቱን አቅጣጫ ይገለብጥና ከቤቱ ውኃ ሙቀት እየሳበ በረዶውን ያቀልጣል። ባለቤቱ የየክፍሉን ቴርሞስታት ዘግቶ የሚዞረው ውኃ 20 ሊትር ብቻ ከሆነ የሚሳብ ሙቀት አይኖርም፣ በረዶው ሳይቀልጥ ይቆማል። ለዚህ ነው አምራቹ አነስተኛውን የውኃ መጠን የሚጽፈው። ካልሞላ በፈር ታንክ፣ ማለትም ተጨማሪ ውኃ የሚይዝ በርሜል፣ ይገባል። ይህም «ነቅሎ መትከል» ውስጥ ነበረ?

ኪሎዋት፦ የአንተ ዝርዝር ሲያልቅ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ አዲስ የጋዝ ቦይለር ይገዛል። ደስ ይበልህ። አንተን የመሰሉት ናቸው «ለማንኛውም ይበቃል» እያሉ 7 ኪሎዋት ለሚበቃው ቤት 16 ኪሎዋት የሚገጥሙት።

ባለመፍቻው፦ ስም አታጥፋ። የየክፍሉን የሙቀት ብክነት ሳያሰላ የሚገጥም እሱ የእኔ ወገን አይደለም። 16 ኪሎዋቱ ዝቅ ቢል 5 ላይ ነው፤ ቤቱ 3 ሲፈልግ በየአሥር ደቂቃው እየተነሣ ይጠፋል፣ ኮምፕረሰሩም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ደጀን፦ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ በሙቀት ወራት ማሽኑን ገልብጬ በእነዚሁ ራዲያተሮች ማቀዝቀዝ እችላለሁ?

ኪሎዋት፦ ትችላለህ፤ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

ሰሚራ፦ ኧረ በስመ አብ! ደጀን፣ አትስማው። ክፍሉ 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ከ18 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ ያልበዋል። ቀዝቃዛ ውኃ በ10 ዲግሪ ብትለቅ ራዲያተሩ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ደግሞ ሳታየው ያሻግታል። ለማቀዝቀዝ ማራገቢያና የውኃ መውረጃ ያለው ፋን ኮይል፣ እንፋሎት በማያሳልፍ ስፖንጅ የተሸፈነ ቧንቧ ያስፈልግሃል።

ኪሎዋት፦ ውኃውን 19 ላይ አድርገው፣ አያልበውም።

ሰሚራ፦ አያልበውም፣ አያቀዘቅዝምም። የ7 ዲግሪ ልዩነት ይዘህ ከዚያ ራዲያተር 150 ዋት ብታገኝ ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ወለሉ ላይ ይተኛል።

ኪሎዋት፦ 150 ዋት በስድስት ክፍል 900 ነው።

ባለመፍቻው፦ ፀሐይ የሚመታው አንድ ትልቅ መስኮት ብቻውን ከዚያ በላይ ያስገባል። መጀመሪያ ከውጭ በኩል መጋረጃ ስቀልበት።