ለዲዋሊ ጃይፑር ተጋብዘናል፦ ስጦታው፣ ጾሙና ጸሎቱ እንዴት ይሁን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ዴልሂ ማስተርሱን እየተማረ ነው። አንድ የክፍሉ ልጅ ለዲዋሊ፣ ለሂንዱዎች የብርሃን በዓል ማለት ነው፣ ጃይፑር ከተማ ቤተሰቦቹ ዘንድ ጋብዞናል። የምናድረውም እነሱ ቤት ነው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ምን ይወሰዳል? እኔ ደግሞ ጽጌን እጾማለሁ። ሥጋ ባይኖርም ቅቤያቸው አይጣል ነው። ከሁሉም የጨነቀኝ የሀብት አምላካቸው የላክሽሚ የማታ ጸሎት ነው። ለእሷ የቀረበውን ጣፋጭ ለሁሉም ያድላሉ አሉ። እምቢ ብል ይቀየሙኛል?

ጉጃራት የተማረ፦ ለውዝ (አልመንድ) እና ካሹ በሚያምር ካርቶን በየሱቁ ታገኛላችሁ፤ እሱን ግዙ። የአገር ቤት ቡና ካለሽ ጨምሪበት፤ በወተት ቢያፈሉት ግን እንዳትደነግጪ! ኬክ እንቁላል ስላለው ይቅር። የቆዳ ዕቃና መጠጥም እንደዚያው። ለልጆች ብር በፖስታ ከሰጣችሁ 100 ሳይሆን 101 ሩፒ አድርጉት፤ አንዷ ለመልካም ዕድል ናት።

ጾመኛዋ ከፑኔ፦ እህቴ፣ እነሱ «ቬጅ» (ሥጋ የሌለው) ሲሉ ወተቱም፣ እርጎውም፣ የነጠረ ቅቤውም አለበት። የጃይፑር ክልል የራጃስታን ዳል ባቲ (የምስር ወጥና የተጋገረ የስንዴ ድብልብል) ደግሞ በቅቤ ይርሳል፤ እናትየው «ትንሽ ልጨምርልሽ» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ «ጾም ላይ ነኝ» በያቸው። ሂንዱዎች ራሳቸው ስለሚጾሙ ጾመኛን ያከብራሉ። «ወተትና ቅቤ አልበላም» ብለሽም ለይተሽ ንገሪያቸው፤ በእነሱ ጾም ወተት ይፈቀዳላ። ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ይነገር። ዳልና ሩዝ በዘይት መሥራት አይከብዳቸውም። ቤተሰቡ የጄይን ሃይማኖት ተከታይ ከሆነ ሽንኩርትና ድንችም ላይኖር ይችላል።

የባንጋሎር ልጅ፦ ስለ ጸሎቱ እኔ ልመልስ። ጊዜው ከመሸ በኋላ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ከኋላ ተቀመጪ። የመብራቱ ሳህን ሲዞር እነሱ እጃቸውን ከነበልባሉ በላይ አድርገው ፊታቸውን ይዳብሳሉ። አንቺ ባታደርጊው እንግዳ ስለሆንሽ ማንም ቅር አይለውም። ጣፋጩን፣ ማለትም ፕራሳዱን፣ የማትቀበይ ከሆነ ልጁ ቀደም ብሎ ለእናቱ ይንገርልሽ። ተቀብሎ ጥግ ላይ መጣል ግን ነውር ነው፤ ከእምቢታው ይብሳል።

ጾመኛዋ ከፑኔ፦ በዚህ ላይ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27-28ን አንብቢ። የቀረበላችሁን ሳትጠይቁ ብሉ፤ ግን «ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካሏችሁ አትብሉ ይላል። የምሳና የእራት ምግባቸው ሌላ፣ ፕራሳዱ ሌላ ነው። ለቀረው ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ጉጃራት የተማረ፦ አንድ የረሳሁት፦ ጉርሻ! በበዓል ጣፋጭ በእጃቸው አፍሽ ውስጥ ሊያደርጉልሽ ይችላሉ። አንቺ ግን ከበላሽበት ሳህን አንስተሽ ለማንም አታጉርሺ፤ አፍ የነካው ምግብ እንደ ርኩስ ይታያል። ለአያት ጎንበስ ብለሽ እግራቸውን ብትነኪ፣ እኛ ጉልበት እንደምንስመው ማለት ነው፣ ደስ ይላቸዋል።

ዴልሂ የቆየ፦ ልብሳችሁ ጥጥ ይሁን። ርችቱና የዘይት መብራቱ በየደጁ ስለሆነ ናይለን አደገኛ ነው። አስም ያለበት ካለ መድኃኒቱን ይያዝ። ሌላው፣ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ግለሰብም ቢሆን ቀድሞ ፎርም ሲ ይባል የነበረውን የእንግዳ ማሳወቂያ ፎርም በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ለልጁ አሁኑኑ ንገሩት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ፎርሙን የሚሞላው ባለቤቴ ነው ወይስ የቤቱ ባለቤት?

ዴልሂ የቆየ፦ የቤቱ ባለቤት ነው። እናንተ የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ፣ ፎቶም ጭምር ላኩላቸው።