ሦስት ውሾቼን አንድ ላይ ማውጣት አቃተኝ፤ እባካችሁ ምክር

ሰላም፣ ውሻ ያሳደጋችሁ ሰዎች እርዱኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። አንዲት የ7 ዓመት የሐበሻ ውሻና የ10 ወር ሁለት ወንድማማች ጀርመን ሸፐርዶች አሉኝ። ለየብቻ ሳወጣቸው እንደ በግ ይከተሉኛል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የሰፈር ውሻ ከሩቅ ሲያዩ ወጣቶቹ እየጮኹ ገመዱን ይጎትታሉ፤ ትልቋም ትከተላቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ጎትተው ጣሉኝና ጉልበቴ ተላጠ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች መደንገጣቸው ነው። ሦስቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስደዋል፤ የፈራ ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቃል?

ጎረቤቶቼ «እሰራቸው» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ይብሱን ቁጡ ስለሚሆን አላደርገውም። ቁራጭ ሥጋ እየሰጠሁ «ቁጭ» አስተምሬያቸዋለሁ፤ ግቢ ውስጥ ይታዘዙኛል፣ ከበር ስንወጣ ግን አይሰሙኝም። ሌላ ውሻ ሲያዩ ወደ እናንተ እንዲዞሩ ያስለመዳችሁ ካላችሁ፣ ከምን ያህል ርቀት ጀመራችሁ? ወንድማማቾቹንስ መቼ ነው አንድ ላይ ማውጣት የምችለው?