የጭስ ጠቋሚው በከሰልና በእጣን ይጮኻል፦ ማሽን ለርኒንግ መፍትሔ ይሆናል?

ጥያቄ (ከሕንፃ ጥገና ኃላፊ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የመድረኩ አባላት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጂ ፕላስ 8 የቢሮ ሕንፃ የጥገና ኃላፊ ነኝ። በየፎቁ ኮሪደር ላይ የጭስ ጠቋሚዎች የተገጠሙ ሲሆን፣ ጥበቃዎች በሚቀመጡበት ክፍል ካለው መቆጣጠሪያ ፓነል ጋር ሁሉም የተገናኙ ናቸው። ይሁንና በምድር ቤቱና በአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ጀበና ቡና ስለሚሸጥ፣ ጠዋት ከሰል ሲቀጣጠል፣ ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ ደወሉ ይጮኻል። ተከራዮቹ በመማረራቸው ጥበቃዎቹ ጠዋት ጠዋት ደወሉን ያጠፉታል፤ አንዳንድ ቀንም ሳይመልሱት ይመሻል። በቅርቡ አንድ አቅራቢ በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌዎች ራሱ በሚማርበት ዘዴ) የሚሠራ ጠቋሚ ሊሸጥልን መጥቶ፣ መሣሪያው እውነተኛ እሳትን ከቡና ጭስ 99 በመቶ በትክክል እንደሚለይ ነገረን። ይህን ቁጥር እንዴት ልመርምረው? ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ለባለቤቱ ከማቅረቤ በፊት የእናንተን ምክር እሻለሁ።

መልስ 1 (ከእሳት መከላከል መሐንዲስ)

ጥያቄውን በግልጽ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። በቅድሚያ መታረም ያለበት የደወሉ መጥፋት ነው፤ ደወሉ በጠፋበት ሰዓት እሳት ቢነሳ ወደ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት (939) የሚደውል ሰው የሚገኘው ጭሱ በዓይን ከታየ በኋላ ነው።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ አንዳንድ ዘመናዊ ጠቋሚዎች ጭስን፣ ሙቀትንና ካርቦን ሞኖክሳይድን በአንድነት ይለካሉ፤ ሞዴሉም፣ ማለትም በማሽን ለርኒንግ የተሠራው ፕሮግራም፣ ሦስቱ ልኬቶች በጊዜ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚጨምሩ ከምሳሌዎች ይማራል። በቢሮ ውስጥ ከሰል በማይነድበት አገር ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ላይ መጨመራቸው የሚጤስ እሳት ስለመኖሩ ጠንካራ ምልክት ነው። በእርስዎ ኮሪደር ግን ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ እጣኑና የሚቆላው ቡና ደግሞ ጭሱን ያወጣሉ። ስለዚህ በሌላ አገር ዳታ የተማረ ሞዴል የቡናውን ሥነ ሥርዓት ልክ እንደ እሳት ሊያየው ይችላል። አቅራቢው መሣሪያውን ሲፈትን የከሰል ምድጃና እጣን ከፈተናዎቹ መካከል ነበሩ ወይ ብለው ይጠይቁት። ካልነበሩ ያ 99 በመቶ ስለ እርስዎ ሕንፃ የሚናገረው ነገር የለም።

ደግሞም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ፣ በተዘጋ ኮሪደር ከሰል ማንደድ ደወል ባይኖርም መቆም ያለበት ነገር ነው። ቡናው አየር በደንብ ወደሚዘዋወርበት ቦታ ቢዛወር አብዛኛው የሐሰት ጩኸት ያለ አንዳች ሞዴል ይጠፋል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 2 (ከዳታ ባለሙያ)

በመሐንዲሱ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ ቁጥሩ ግን ልጨምር። ጠቋሚው በየደቂቃው አንድ ጊዜ “እሳት ነው” ወይም “አይደለም” ብሎ የሚወስን ቢሆን፣ በቀን 1,440 ውሳኔ ይሰጣል። ከእነዚህ 1 በመቶው ስህተት ከሆነ ከአንድ ጠቋሚ ብቻ በቀን 14 ያህል የሐሰት ደወል ይሰማል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ እሳት እጅግ ብርቅ ክስተት በመሆኑ ፈጽሞ የማይጮኽ ጠቋሚም ቢሆን በዚሁ ስሌት “ወደ 100 በመቶ ትክክል” ይባላል። ስለሆነም አቅራቢውን ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠይቁት፦ ከእውነተኛ እሳቶች ውስጥ ስንቱን፣ በስንት ሰከንድ ያዘ? አንድ ጠቋሚስ በወር ስንት ጊዜ በከንቱ ይጮኻል?

ማሽን ለርኒንግ በዚህ ዘርፍ ጥሩ ውጤት ያሳየው ከደወሉ ይልቅ የትኛው ሕንፃ ቀድሞ ይፈተሽ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በአሜሪካ የአትላንታ ከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ከጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ፋየርበርድ የተባለ ሥርዓት ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ይህ ሥራ ከ5,000 ለሚበልጡ ሕንፃዎች የስጋት ነጥብ የሰጠ ሲሆን፣ ቃጠሎ ከደረሰባቸው ሕንፃዎች መካከል እስከ 71 በመቶ የሚሆኑትን አስቀድሞ ማመልከት ችሏል። ለዚህም የቃጠሎ፣ የፍተሻ፣ የንብረትና የንግድ ፈቃድ መዝገቦችን በአድራሻ ማጣመር አስፈልጓል። አድራሻ “ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ” ተብሎ በሚነገርበት ከተማ ይህ የበለጠ ይከብዳል፤ ነገር ግን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ይህ ዓይነቱ መዝገብ ቅንጦት ነው ሊባል አይችልም።

መልስ 3 (ከድኅረ ምረቃ ተማሪ)

ጠቋሚዎቹ በኮሪደር ላይ ብቻ እንደሆኑ መግለጽዎ አሳሰበኝ። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ፒ ፍላሽ የተባለ ሞዴል አለው፤ ሥራውም በክፍል ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች አስቀድሞ ማመልከት ነው። የሙቀት ጠቋሚዎች 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርሱ ሥራ ስለሚያቆሙ፣ ሞዴሉ የጠፋውን ልኬት በአጎራባች ክፍሎች ካሉት ይገምታል። በኮምፒውተር በተመሰሉ ቃጠሎዎች 86 በመቶ ያህል ተሳክቶለታል። በእውነተኛ ቤቶች በተደረጉ ሙከራዎች ግን፣ እሳቱ በሳሎን ወይም በማዕድ ቤት ሲነሳ ጥሩ ቢሠራም በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ሊያውቀው አልቻለም ለማለት ይቻላል። ከተዘጋው በር በስተጀርባ ያለው ሙቀት ወደ ሌሎቹ ጠቋሚዎች አይደርስማ!

በእርስዎ ሕንፃም ቢሮዎቹ ማታ በራቸው ተቆልፎ ያድራል። በአንዱ ቢሮ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምክንያት እሳት ቢነሳ፣ የኮሪደሩ ጠቋሚ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ጭሱ በበሩ ሥር እስኪወጣ ይጠብቃል። ገንዘቡ የሚፈቅድ ከሆነ በየቢሮው ተራ ጠቋሚ መግጠም በኮሪደር ላይ ውድ ጠቋሚ ከመተካት የሚበልጥ ይመስለኛል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለባለቤቱ የማቀርበው፣ ቡናው ወደ በረንዳ እንዲዛወርና በየቢሮው ጠቋሚ እንዲገጠም ነው። ወደፊት ሞዴል ለመጠቀም ቢታሰብ፣ ከዛሬ ጀምረን ምን ብንመዘግብ ይጠቅማል?

መልስ 2 (ከዳታ ባለሙያ)

ፓነላችሁ እያንዳንዱን ጠቋሚ በቁጥር የሚለይ ዓይነት ከሆነ፣ ሰዓቱንና የጮኸውን ጠቋሚ ራሱ ስለሚያስቀምጥ የጥገና ባለሙያው በየጊዜው ገልብጦ ያስቀምጥላችሁ። ጥበቃው በደብተር የሚጽፈው ፓነሉ የማያውቀውን ብቻ ይሁን፦ ከሰል ነበር፣ እጣን ነበር፣ የተቃጠለ ሽቦ ነበር፣ ወይስ ሄዶ ምንም አላገኘም። “ምንም አልተገኘም” የሚለውም ሳይዘለል ይጻፍ፤ ለሞዴል ትምህርት ከሌሎቹ እኩል ያስፈልጋል።