«ሂሪንግ»፣ «ችሎት» ወይስ «መድረክ»? ስለ ሹመት ማጽደቂያ ቃላት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ የምኖር፣ አልፎ አልፎ ለማኅበረሰባችን ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምመልስ ሰው ነኝ። ሰሞኑን የስቴቱ አገረ ገዥ ለልዩ ልዩ ቦርዶችና ኮሚሽኖች አባልነት የሚያቀርባቸውን ሰዎች የስቴቱ ሴኔት እንዴት ጠይቆና ሰምቶ እንደሚቀበል ወይም እንደሚመልስ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ እንድተረጉም ተሰጠኝ። «ኮንፈርሜሽን ሂሪንግ» የሚለውን «የሹመት ማጽደቂያ ችሎት» ብዬ ጻፍኩና ረቂቁን ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩት አክስቴ አነበብኩላቸው፤ ጽሑፌ ይግባ አይግባ የምለካው ሁልጊዜም በእርሳቸው ነው። ቡና ሊቀዱ ጀበናውን አንሥተው ነበር፤ «ዕጩዋ ችሎት ፊት ቀርባ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን መልሰው ማቶቱ ላይ አስቀመጡትና «ምን አጥፍታ ነው? ጠበቃስ ይዛለች?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እጄ ተሳሰረ። ስለ «ችሎት»፣ ስለ «ማጽደቅ» እና ስለ «ዕጩ» አስተያየታችሁን እለምናለሁ። ጽሑፉ ውስጥ ቃል በቃል ሲመለስ «አረንጓዴ ቦርሳ» የሚሆን አንድ የሜሪላንድ አነጋገርም አለ፤ እርሱንም ምን እንደምለው አላወቅሁም።

የመጀመሪያ መልስ

የአክስትዎ ጥያቄ ብቻውን ረቂቁን ለማረም ይበቃል። «ችሎት» በዛሬው አማርኛ ከዳኛ፣ ከከሳሽና ከተከሳሽ ተነጥሎ አይሰማም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው ከሚፈርዱበት ከዙፋን ችሎት አንሥቶ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ቃሉ የፍርድ ቤት ነው። የሴኔቱ ኮሚቴ ግን ጥፋተኛ ነሽ ወይም አይደለሽም ሊላት አልተቀመጠም፤ ለተባለው ሥራ ትበቃ እንደሆነ፣ ከሥራው ጋር የሚጋጭ ጥቅም ይኖራት እንደሆነ፣ ጊዜዋንስ ትሰጥ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው ብቻ እኛም ለሁለቱም አንድ ቃል እንድናወጣ የሚያስገድደን ነገር የለም።

«ሂሪንግ» ብሎ መተውም አያዋጣም። በዋሽንግተን አካባቢ ስንቱ ወገናችን «ሂሪንግ አለኝ» ሲል በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የሚታየውን የጥገኝነት ጉዳዩን ማለቱ ነው፤ ዓመታት ቀን ሲቆጥር የኖረ ሰው ቃሉን በወረቀት ላይ ሲያየው ልቡ ድው ይላል።

እኔ የማቀርበው «የአስረጂ መድረክ» የሚለውን ነው። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች በረቂቅ አዋጅ ላይ የሚመለከታቸውን ሰዎች ጠርተው ሲጠይቁ የሚሠሩበት ቃል ስለሆነ አዲስ ፈጠራ አይሆንብንም፤ «ይፋዊ» የሚለውን ብንጨምርበት ደግሞ በሩ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ይታወቃል።

«ዕጩ» ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ከቃላቱ ሁሉ ለጉዳዩ ይበልጥ የሚስማማው እርሱ ይመስለኛል። «ዕጩ» የመጣው «አጨ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ግእዙም «ሐፀየ» ይላል፤ «እጮኛ»ም የዚሁ ቃል እኅት ናት። እንግዲህ አገረ ገዥው አንዲትን ሴት ለአንድ ኮሚሽን ሲያቀርብ አጭቷታል እንጂ አልዳራትም። በመካከሉ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ማንዘሯ ይቆጠራል፣ ነውር ቢኖር ይነገራል፣ ቤተ ዘመዱ ይሁን ካለ ብቻ ሠርጉ ይቆረጣል። የሴኔቱ ኮሚቴ የሚሠራው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ በብዙ ስቴቶች ሕግ ውስጥ የሚገኘው የሴኔቱ «ምክርና ፈቃድ» የሚባለው ሐረግም «ምክርና ይሁንታ» ቢባል ያምራል፤ «ይሁንታ» ራሱ «ይሁን» ካለ ሰው አፍ የወጣ ቃል ነውና። ሠርጉ ሳይቆረጥ «ባለትዳር» እንደማይባለው ሁሉ፣ ድምፅ ሳይሰጥባት «ተሿሚዋ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ይህን ስሕተት በየዜናው አየዋለሁ፣ ባየሁም ቁጥር ያበሳጨኛል።

ችግሩ የሚጀምረው «ሾመ» ከሚለው ግሥ ይመስለኛል። በአማርኛችን ሿሚው አንድ ነው፤ ቃሉ ከአፉ በወጣ ጊዜ ሰውየው ተሾመ፣ ነገሩም አለቀ። ተረታችን እንኳ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲል በመሾምና በመሻር መካከል ያለውን ያነሣል እንጂ ከመሾም በፊት መጠየቅ እንዳለ አያስብም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የዳኞችን፣ የሚኒስትሮችን፣ የኮሚሽነሮችንና የዋናውን ኦዲተር ሹመት እንደሚያጸድቅ ቢደነግግም፣ ጆሯችን የለመደው የዜና ዐረፍተ ነገር «የቀረቡለትን ሹመቶች አጸደቀ» የሚለውን ነው፤ ሹመቱ አስቀድሞ ያለ ነገር ሆኖ ይቀርባል፣ ምክር ቤቱም ማኅተም ያኖርበታል። በሜሪላንድ ግን ሰውየው ከመጽደቁ በፊት የሚሰማበት ቀን አለ፤ ጽሑፍዎም የሚያወራው ስለዚያ ቀን ስለሆነ «ሹመቱን አጸደቀ» ከማለት ይልቅ «ዕጩነቱን መርምሮ ይሁንታ ሰጠ» ቢሉት ሥራው በትክክል ይታያል።

ያም ሆኖ «ማጽደቅን» አልጠላውም። ነፍስ ትጸድቃለች፣ ሕግ ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። በክረምት የተተከለው ችግኝ በበጋ ሳይደርቅ ሥር ሲሰድ «ጸደቀ» እንላለን፤ ዕጩም ተተክሎ ሥር መስደዱ ገና ያልታወቀ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። «ስቴት ቦርድ»ን «የመንግሥት ቦርድ» አይበሉት፤ አንባቢው የፌዴራሉ መንግሥት ይመስለዋል። «ኮሚሽን» ሲሉም የአገራችን አንባቢ አንድ ኮሚሽነር የሚመራውን መሥሪያ ቤት፣ ወይም ደላላ የሚቀበለውን ገንዘብ ነው የሚያስበው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «በድምፅ የሚወስኑ አባላት ያሉት» የሚል ማብራሪያ ያስገቡ። ለምሳሌ የሜሪላንድ ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን አምስት አባላት ያሉትና የመብራትና የጋዝ ታሪፍ የሚወስን አካል ነው፤ ስሙን እንዳለ «የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን» ካሉት ግን ሰው ሲቪል ሰርቪስ ይመስለዋል። የመብራት ኩባንያው የፔፕኮ ቢል የሚመጣለት ሰው ጉዳዩ እርሱንም እንደሚነካው ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ መልስ

ለመጀመሪያው መላሽ በአክብሮት፤ በ«ዕጩ» እስማማለሁ፣ በ«አስረጂ» ግን አልስማማም። አስረጂ ስለ አንድ ጉዳይ ያውቃል ተብሎ የተጠራ ሰው ነው፤ ዕጩዋ ግን የምታስረዳው ስለ ራሷ ነው፤ ከእርሷም ሌላ የሚደግፋትና የሚቃወማት ሰው ገብቶ ይናገራል። አማርኛ «ሰሚ» የሚል ቃል እያለው ለምን እንሸሸዋለን? «ዕጩዎች የሚሰሙበት ይፋዊ ጉባኤ» ቢባል «ችሎት» የሚለው ድንጋጤ የለበትም፤ ኮሚቴውም ሰሚ፣ ዕጩዋም ተሰሚ ይሆናሉ። ረዘመ ከተባለ ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ «ጉባኤው» ማለት ይበቃል።

ወደ አረንጓዴው ቦርሳ ልምጣ። በሜሪላንድ ሕገ መንግሥት መሠረት አገረ ገዥው የሴኔት ይሁንታ የሚያስፈልጋቸውን ዕጩዎች መደበኛው የሕግ አውጪ ጉባኤ በተከፈተ በ40 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ጉባኤው በጥር ተከፍቶ የሚቆየው 90 ቀን ነው። የስም ዝርዝሩ አናፖሊስ ወደሚገኘው ሴኔት የሚገባው በአረንጓዴ ቦርሳ ተይዞ ስለሆነ ዝርዝሩም ሹመቶቹም በቦርሳው ስም ይጠራሉ። በእንግሊዝ አገር በድሮ ዘመን ጠበቆች ሰነዳቸውን በአረንጓዴ ከረጢት ይይዙ ነበርና ልማዱ ከዚያ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ስሞቹ ሹመት ወደሚመረምረው የሴኔቱ ኮሚቴ ይመራሉ፣ በመጨረሻም 47ቱ ሴናተሮች ድምፅ ይሰጡባቸዋል። 141 አባላት ያሉት ሁለተኛው ምክር ቤት በዚህ ነገር እጁን አያስገባም።

«ቦርሳ» ትርጉም ሆኖ ይቀዘቅዛል፤ ኪስ ውስጥ የሚገባውም ቦርሳ ነውና። «ኮሮጆ» እንዳትሉት ግን እለምናለሁ፤ በእኛ ዘንድ ኮሮጆ የምርጫ ድምፅ የሚገባበት ነው፣ «አረንጓዴው ኮሮጆ ሴኔት ገባ» የሚል ሰው ኮሮጆ ተገለበጠ ያለ ይመስላል። «አቁማዳ» የእህል፣ «አኮፋዳ» የቆሎ ተማሪ ነው። «አረንጓዴው ከረጢት» ቢባል ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ በመጀመሪያ ሲነሣ የዕጩዎቹ ስም ዝርዝር የሚቀርብበት መሆኑ ይነገር።

አርባ ቀኑ ደግሞ ለእኛ ጆሮ የተለየ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፣ ለሞተም የአርባ ይወጣለታል፣ አንድ ሰው የተጻፈለት ነገር ሲደርስበት «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እንላለን። የሜሪላንድ ዕጩም ስሙ በከረጢቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩ በአርባ ቀን ውስጥ ይለይለታል። ይህን በትርጉሙ ውስጥ እንዲያስገቡ ማለቴ አይደለም፤ ብቻ ሳላነሣው ማለፍ አልሆነልኝም።

ስለ እምቢታ ቃላትም ተጠንቀቁ። ያው ሕገ መንግሥት ሴኔቱ ያልተቀበለው ሰው፣ ሴኔቱ ራሱ ካልጠየቀ በቀር፣ በዚያው ጉባኤ ለዚያው ሥራ ዳግም ሊታጭ እንደማይችል ይናገራል። ይህን «ውድቅ ሆነ» ብንለው ይስማማል። ዕጩው በራሱ ፈቃድ ሲተወው ግን «ስሙ ተነሣ» ማለት አይቻልም፤ በአማርኛ ስሙ የተነሣ ሰው ወሬው የተወራ ሰው ነው። «ራሱን አገለለ» ይበሉ።

እኔ የምኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ «ውድቅ» የሚለው ቃል ስንት ዋጋ እንዳለው ያየሁት እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የቨርጂኒያ ሴኔት አንድ ኮሚቴ አገረ ገዥው ለሦስት የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ቦርድ አባልነት የመረጣቸውን ስምንት ሰዎች አልቀበልም አለ። ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፦ ኮሚቴ እምቢ ካለ ጠቅላላው ሕግ አውጪ እምቢ አለ ይባላልን? አንዱ ወገን አዎን፣ ነገሩ አልቋል አለ፤ ሌላው ወገን ሕግ አውጪው በሙሉ ድምፅ ሳይሰጥ ሰዎቹ ከቦርዱ አይወጡም ብሎ ተከራከረ። በጁላይ የፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ስምንቱ በቦርዶቹ እንዳያገለግሉ የሚያግድ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። እንግዲህ ያን ዜና «ምክር ቤቱ ውድቅ አደረጋቸው» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ ሳያውቀው ከሁለቱ ተከራካሪዎች ለአንዱ ፈርዷል፤ «ኮሚቴው አልተቀበላቸውም» ያለው ግን የሆነውን ብቻ ተናገረ።

የመጀመሪያው መላሽ በድጋሚ

የቨርጂኒያው ምሳሌ ስለ «አስረጂ» የነበረኝን ግትርነት ባይሰብረውም አላልቶታል። አንድ ቃል ልጨምር፤ በብዙ የአሜሪካ ሴኔቶች አንድ ሴናተር ከራሱ ወረዳ የመጣን ዕጩ ከተቃወመ ባልደረቦቹ እርሱን አክብረው ዕጩውን የሚተዉበት ያልተጻፈ ልማድ አለ። «የሴናተሮች ጨዋነት» ተብሎ ተተርጉሞ አይቼ ሣቅሁ። ያ «ይሉኝታ» ነው። እነሆ በሁለት ፊደል ልዩነት «ይሁንታ» ሲቆም «ይሉኝታ» አፈር ያስገባዋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ዕጩዎች የሚሰሙበት ይፋዊ ጉባኤ»ን፣ «ይሁንታ»ን እና «አረንጓዴው ከረጢት»ን ወስጃለሁ፤ «ማጽደቅ»ን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ላለው ብቻ አስቀረሁት። ትናንት ማታ የታረመውን ለአክስቴ አነበብኩላቸው። ጀበናውን አላስቀመጡትም፤ ሦስተኛውን ቡና እስኪቀዱ ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ሹመት ያዳብር የሚባለው ስሟ በከረጢቱ ሲገባ ነው ወይስ ሰዎቹ ይሁን ካሉ በኋላ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሁለተኛው መላሽ

ይሁን ካሉ በኋላ፣ ቃለ መሐላም ከፈጸመች በኋላ ነው። «ያዳብር» ያለውን ይለምልም፣ ይስፋ ማለት ስለሆነ ያልተያዘ ሹመት የሚዳብርበት ነገር የለውም። እስከዚያው «ይቅናሽ» ይበሏት።