ያገኘሁት ድንጋይ ኦፓል (የጌጥ ድንጋይ) ነው ወይስ ሌላ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባለፈው ወር ዘመድ ጥየቃ ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ሄጄ ከገደሉ ሥር እንቁላል የሚያህል ድንጋይ አነሳሁ። ላዩ ቡናማ ነው፤ ስሰብረው ውስጡ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ ሲርስ ብርሃን ያሳልፋል ሲባል ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈዘፍኩት። ምንም! ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ምላስ ላይ ይጣበቃል ይባላል፤ ይሄ ግን አይጣበቅም (አዎ፣ ልሼዋለሁ፤ ባለቤቴ እስካሁን ትስቃለች)። ቢላዋ አይጭረውም፤ እሱ ግን የጠርሙስ ስባሪን በደንብ ይጭራል። ፀሐይ ላይ ሳገላብጠው አንዱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ብልጭታ ያየሁ ይመስለኛል፤ ወይ ምኞቴ ነው። ካልሴዶኒ (የኳርትዝ ዓይነት ድንጋይ) ይሆን? የካልሴዶኒ እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.6 ግራም ገደማ ነው፣ ኦፓል ከዚያ ይቀላል። እፍጋቱን ለማወቅ ውሃ ውስጥ አንጠልጥዬ ልመዝነው አስቤያለሁ፤ ያለኝ ግን የወጥ ቤት ሚዛን ብቻ ነው። ይበቃኛል? ሳልቆርጠው የምለይበት ሌላ መንገድስ አለ?