የእንሰት አጠውልግ ጥናቶችን ፍለጋ መላው ጠፋኝ፣ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ሀዋሳ ነው፣ የማስተርስ ጽሑፌን በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ ጀምሬያለሁ። እናቴ ጓሮ ያለው እንሰት ሲቆረጥ ያንን ቢጫ ፈሳሽ ሲያወጣ በዓይኔ ስላየሁ ርዕሱን ልቀይር አልፈልግም።

ችግሬ የቀደሙ ጥናቶችን ማግኘቱ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ሲገለጽ ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም ተባለ፣ ከዚያ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሥር ገባ፣ አዳዲሶቹ ወረቀቶች ደግሞ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ይሉታል። በአንዱ ስም ስፈልግ የሌላው ዘመን ሥራ ያመልጠኛል። እንሰት ራሱ በእንግሊዝኛ አንዱ ጋ መጨረሻው ላይ «ኢ» አለው፣ ሌላው ጋ የለውም! ትናንት ማታ ጉግል ስኮላር ላይ ሁሉንም ስሞች በ«ኦር» (OR፣ «ወይም» በሚለው የፍለጋ ቃል) አያይዤ ብጽፍ የሙዝ ጥናት እንደ ጎርፍ መጣብኝ፣ ያው ሙዝንም ስለሚያጠቃ።

ሙዝን በመቀነስ ምልክት ላስወጣው አልኩ፣ ግን ሁለቱን አብረው ያጠኑት ጠቃሚዎቹም አብረው ይጠፋሉ። እናንተ ብትሆኑ ፍለጋውን እንዴት ትጽፉታላችሁ? የድሮዎቹን ደግሞ ገንዘብ ሳልከፍል ሙሉውን የማነብበት መንገድ አለ? ለታዳጊ አገር ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚከፍተው በሪሰርች ፎር ላይፍ (Research4Life) በዩኒቨርሲቲ በኩል የገባችሁ ካላችሁ፣ ከማን ምን ጠይቃችሁ እንደገባችሁ ንገሩኝ። ፕሮፖዛሌን የማስገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።